ሥር የሚያሸቱት ጋሽ ደምሴ

ተክል ጠውልጎባችሁ ያውቃል? የጠማው ይመስላችሁና ውሃ ታጠጡታላችሁ። በነጋታው ይብሱኑ አንገቱን ይደፋል። ትደነግጡና ጨምራችሁ ታጠጡታላችሁ። ከዚያ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ምግብ አንሶት ይሆናል ብላችሁ ማዳበሪያ ገዝታችሁ ትመጣላችሁ። በመጨረሻም ከነባልዲው ወደ ቆሻሻ ገንዳ ትሸኙታላችሁ። በእኔ ደርሷል፤ ያውም በተደጋጋሚ። ከዚህ አዙሪት ያወጡኝ ሰው ጋሽ ደምሴ ነበሩ።

ጋሽ ደምሴ ባለፈው ወር አረፉ። የሰማሁት ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ውስጥ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ፊት ለፊት መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ ነው። የደወለልኝ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ብርሃኑ ነበር። ብርሃኑ ሳይቀልድ "ሄሎ" ብሎ አያውቅም። ያን ቀን ግን ስሜን ብቻ ጠራ። ሆስፒታል መግባታቸውን አውቅ ስለነበር፣ "ጋሽ ደምሴ?" አልኩት።

"አዎ" አለ። "ተኝተው ነው ያለፉት። ልጃቸው ናት የነገረችኝ።"

እንግዲህ ስለእሳቸው ልንገራችሁ። መምህር ስለሆንኩ ማስረዳት እወዳለሁ፤ ሳበዛ ታገሡኝ።

የመምህርነት ፈቃዴን ስጠባበቅ፣ ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር በሚገኝ መስኮት የሌለው ትልቅ መጋዘን ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። መጋዘኑ ውስጥ የሚበቅለው ካናቢስ ነው፤ አገር ቤት ሐሺሽ የሚባለው። ኮሎራዶ ውስጥ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ፈቃዱ በር ላይ ተለጥፏል፤ ካሜራ የማያየው ጥግ የለም። ቢሆንም እናቴ ስትጠይቀኝ "ግሪን ሃውስ ነው የምሠራው" እል ነበር። ብርሃኑም ለቸርቹ ሰዎች የሚለው ይህንኑ ነው። ጋሽ ደምሴ ግን አይደብቁም፤ አያወሩትምም። ለጠየቃቸው ሰው መልሳቸው አንድ ነበር፤ "እኔ ሥር ነው የማሳድገው። ከአፈር በላይ ያለውን ሌላ ሰው ጠይቁ።"

አጠር ያሉ፣ ቀጭን፣ ስድሳ ሰባት ዓመት የሞላቸው ሰው ነበሩ። ጅማ አጠገብ በአንድ የቡና ችግኝ ጣቢያ ዕድሜያቸውን ፈጅተው ነው ልጃቸው ጋ የመጡት። ጠዋት ጠዋት ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ከ15 ቁጥር አውቶቡስ ሲወርዱ በመኪናዬ እወስዳቸዋለሁ። ምሳቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ከኮታቸው የደረት ኪስ ውስጥ አንዲት ሹካ ብቅ ትላለች፤ ጥርሶቿ እንደ ሰው ጣት ጎበጥ ተደርገው ታጥፈዋል። መጀመሪያ ለምሳቸው መስላኝ ነበር። ኋላ ሳያት ግን ሥር የሚያፍታቱባት ናት።

በመጀመሪያው ሳምንት ከተክሎቹ ፊት አቆሙኝና፣ "ዓይንሽን ጨፍኚ" አሉኝ።

"ለምን?"

"ቅጠል እንዳታዪ። በይ አሁን ይህን ባልዲ አንሺ። አስቀምጪ። ያንን አንሺ። የትኛው ነው የጠማው?"

ሁለተኛው እንደ ባዶ ካርቶን ቀለለኝ። "ይኼኛው" አልኩ። ዓይኔን ስገልጥ የቀለለኝ ተክል ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል፤ የከበደኝ ደግሞ ጠውልጓል። አስቀድሜ ባይ ኖሮ ውሃውን የማጠጣው ለተሳሳተው ነበር።

"ቅጠሉ የሚነግርሽ እንዳመመው ነው" አሉኝ። "ምን እንዳመመው አይነግርሽም። እሱን ከታች ነው የምትጠይቂው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥር ውሃ ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ ይተነፍሳልም። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል አየር አለ፤ ሥሩ የሚተነፍሰው ያንን ነው። ውሃው ሳይደርቅ ሌላ ውሃ ሲደረብበት አየሩ ይወጣል፣ ሥሩም ይታፈናል። የታፈነ ሥር ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃም ምግብም መሳብ ስለማይችል ተክሉ ውሃ መሐል ቆሞ ይጠማል፤ ማዳበሪያ መሐል ቆሞ ይራባል። ሰው ከላይ የሚያየው ጥማቱንና ረሃቡን ብቻ ነው። በዚያ ላይ የዴንቨር አየር ደረቅ ነው። የራሳችን ከንፈር ሲሰነጠቅ ተክሉም የጠማው ይመስለናል።

ይህን በሳይንስ ክፍል ተምሬው ነበር። ጋሽ ደምሴ ግን በእጃቸው ያውቁት ነበር። ሁለት እጆች ያንን ያህል ሊያውቁ እንደሚችሉ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ቅዳሴ ሲያልቅ ተክል የታመመበት ሰው ይጠብቃቸው ነበር። አንድ ጊዜ ሴንቴኒያል ከተማ የሚኖሩ አንዲት ሴት በረንዳቸው ላይ ያለች ሎሚ እየሞተችባቸው ቤታቸው ወሰዷቸው፤ የነዳሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ደምሴ ሎሚዋን ከባልዲዋ አወጧት፣ አፍንጫቸውን አስጠግተው ሥሯን አሸተቱ፣ የባልዲውንም ቂጥ ገልብጠው አዩ። ቀዳዳዎቹ የዋጋ ወረቀት ተለጥፎባቸው ተደፍነዋል። በጥፍራቸው ላጡት።

ሴትዮዋ ተደንቀው፣ "ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የት ተማሩት?" አሉ።

"ቡና ላይ። አሁን ደግሞ ካናቢስ ላይ ነው የምሠራው። በሽታቸው አንድ ነው።"

ሴትዮዋ ደነገጡ። እኔን አዩኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ሁለት ሌሎች የታመሙ አበቦች ይዘው መጡ።

አሁን ወደማልረሳው ነገር ልምጣ።

መጋዘኑ ውስጥ አንድ ልዩ ክፍል አለ፤ የእናት ተክሎቹ ክፍል። እናት የሚባሉት የማይሸጡ፣ ለዓመታት የሚቆዩ ትልልቅ ተክሎች ናቸው፤ አዲስ ችግኝ ሁሉ የሚወጣው ከእነሱ በሚቆረጥ ቅርንጫፍ ነው። እናቱ ከሞተች ዝርያው አለቀ። ክፍሉ ስምንት ረድፍ አለው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ረድፍ በጎማ ያጠጣል፣ ግድግዳው ላይ ባለው ወረቀትም ይፈርማል። ዐሥራ ሁለት ተክሎች ያሉት ሰባተኛው ረድፍ የእታገኝ ነበር።

እታገኝ አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት፣ ሥራዋን በሰዓት የምትሠራ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። በዚያ ሰሞን እናቷ አገር ቤት አርፈው ነበር። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠችና ወደ ሥራ ተመለሰች። ጥቁር ሻርፕ በሥራ ልብሷ ላይ ጣል አድርጋ ስትገባ ሁላችንም አዘንንላት። ማንም ግን ምንም አላላትም። ምን ይባላል?

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ሰባተኛው ረድፍ መጠውለግ ጀመረ። ከዚያ ቢጫ ሆነ። ማናጀራችን ካይል የሚባል፣ ክፉ ያልሆነ ግን ጥድፊያ የማያጣው አሜሪካዊ ነው። ምግብ አንሷቸዋል ብሎ ማዳበሪያ አስጨመረ። ባሰባቸው። አንድ ረቡዕ ጠዋት አራታችንን ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበን፤ ጋሽ ደምሴን፣ እታገኝን፣ ብርሃኑንና እኔን። እንግሊዝኛውን የምተረጉመው እኔ ነኝ።

"ስምንቱም ረድፍ መብራቱ አንድ ነው፣ ምግቡ አንድ ነው፣ ውሃው አንድ ነው" አለ ካይል። "የታመመው ግን አንዱ ብቻ ነው። ልዩነቱ የሚያጠጣው ሰው ነው። አዝናለሁ፤ የእታገኝ ሐሳብ እዚህ አይደለም። አርብ የመጨረሻ ቀኗ ይሆናል።"

ስተረጉምላት እታገኝ አልተከራከረችም። "በወረቀቱ መሠረት ነው ያጠጣሁት" ብቻ አለች፤ ድምጿም እርግጠኛ አልነበረም። ሻርፑን ጫፉን ይዛ ትጠቀልለዋለች፣ ትፈታዋለች።

ጋሽ ደምሴ የችግኝ ክፍል ሠራተኛ ስለነበሩ ያን ክፍል እምብዛም አይገቡበትም። "አንድ ጊዜ ልየው" አሉና ተንበረከኩ። ቅጠሉን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ባልዲውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከመሬት ትንሽ ከፍ አደረጉት። ፊታቸው ተለወጠ። ሁለተኛውን አነሡ። ሦስተኛውን። ከዚያ ወረቀቱን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። የመጨረሻው ፊርማ የሰኞ ነው። ሰኞ የጠጣ ተክል በዚያ መብራት ሥር እስከ ረቡዕ ቀልሎ መገኘት ነበረበት፤ እነዚህ ግን ከብደዋል።

ግንዱን በጣቶቻቸው መሐል አሳልፈው መዳፋቸውን አፈሩ ላይ ዘረጉ፤ ባልዲውን ገለበጡና ጠርዙን ሁለቴ መታ አደረጉት። ተክሉ ከነአፈሩ እጃቸው ላይ ቀረ። ጤነኛ ሥር ነጭ ነው፤ ዝናብ የመታው መሬት ይሸታል። ይህ ግን ቡናማና የሚያሟልጭ ነበር፤ የረጋ ኩሬ ሽታው እኔ እስከቆምኩበት መጣ። ደቃቅ ዝንቦች ከአፈሩ ተነሡ። ጋሽ ደምሴ አንዲቱን ሥር በሁለት ጣት ይዘው ሳብ አደረጓት። ቆዳዋ እንደ እርጥብ ወረቀት ተንሸራቶ ወጣና እጃቸው ላይ ቀጭን ክር ብቻ ቀረ።

"ሰጥመዋል" አሉ።

ተረጎምኩ። ካይል ራሱን ነቀነቀ። "ያው ነው፤ አብዝታ አጠጥታለች ማለት ነው።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ረድፉን አጠጥቼው ነበር። ሁለት ጊዜ። እታገኝ እንዳትደክም ብዬ፣ እሷ ሳታይ፣ ሳልፈርም። አንድ ሁለት ጊዜ ምን ያመጣል ብዬ ነበር። አሁን ልናገር ብል ደግሞ ሳይፈርሙ ማጠጣት ራሱ ከሥራ ያስባርራል። ዓይኔን ወደ ወረቀቱ መለስኩ።

ጋሽ ደምሴ ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሡ። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና፣ "ቲቸር" አሉኝ፤ ሁልጊዜ ስለማስረዳ ያወጡልኝ ስም ነው። "ተርጉሚልኝ። አንድም ቃል እንዳትቀንሺ።"

"እሺ ጋሼ።"

"እታገኝ ከለቅሶ በተመለሰች ሰሞን፣ አንድ ማክሰኞ ዕቃ ላደርስ እዚህ ገባሁ። እሷ እዚያ ጥግ ቆማ ግድግዳ ግድግዳ ታያለች። ስትወጣ ጎማውን አንሥቼ ረድፏን በሙሉ አጠጣሁላት። ባልዲውን አላነሣሁም። አልፈረምኩም። ለእሷም አልነገርኳት።" የተገለበጠውን ባልዲ አሳዩ። "አርባ ዓመት ሰው ሳስተምር፣ ሳታነሣ አታጠጣ ስል ኖሬ፣ ያን ቀን ያየሁት ተክሉን አልነበረም። እሷን ነበር። ጥፋተኛው እኔ ነኝ።"

የአገሬ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሽማግሌ፣ ያውም በሙያው የተከበረ ሽማግሌ፣ ልጆቹ በሚሆኑ ሰዎችና በአለቃ ፊት "ተሳሳትኩ" ሲል ስንቴ አይታችኋል?

ተርጉሜ ሳልጨርስ ብርሃኑ እጁን እንደ ተማሪ አነሣ። "እኔም ነኝ። በዚያው ሰሞን፣ ሐሙስና ቅዳሜ። እግዚአብሔር ብቻ ይየኝ ብዬ ነበር፤ ለካ ሥሩም ያያል።"

ማንም አልሳቀም። ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። የሁለቱን ስተረጉም ቆይቼ የራሴን የሚተረጉምልኝ ሌላ ሰው አልነበረም። በአማርኛ ለእታገኝ፣ በእንግሊዝኛ ለካይል፣ ሁለት ጊዜ ተናዘዝኩ።

ካይል አንዴ እኛን፣ አንዴ ወረቀቱን ያያል። እታገኝ ግን የተክሉን መደርደሪያ ይዛ ቁጭ አለች። ታመሰግነናለች ብዬ ነበር።

"እናንተ ናችሁ?" አለች። "እናንተ ናችሁ እንዴ? ጠዋት ስገባ አፈሩ እርጥብ ነው። መቼ አጠጣሁት እላለሁ። አላስታውስም። ወረቀቱን አያለሁ፤ ፊርማዬ የለም። ረስቼ ይሆናል እላለሁና በወረቀቱ መሠረት ደግሜ አጠጣለሁ። በማግስቱም እንደዚያው።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "እናቴ መጨረሻ ላይ በስልክ አታውቀኝም ነበር። 'አንቺ የማን ልጅ ነሽ?' ነበር የምትለኝ። የእሷ በሽታ ለእኔም የጀመረኝ መስሎኝ ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ እኮ! ለልጆቼ ምን ብዬ እንደምነግር ቃል ስፈልግ ነው የከረምኩት!"

እንዲህ ብላ ስታለቅስ መሐል ላይ ሳቅ ቀደማት። ለሳምንታት ይዟት የነበረው ፍርሃት በአንድ ጊዜ ሲለቃት አየሁ። ብርሃኑ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ፣ "ቀጠሮውን ለእኛ አዛውሪልን፣ እህቴ። የታመምነው እኛ ነን" አላት። በጓንቷ ትከሻውን መታችው፤ በደንብ ነው የመታችው።

"ምን እያለች ነው?" አለ ካይል። መተርጎም አቃተኝ። ጋሽ ደምሴ በዚያች ጥቂት እንግሊዝኛቸው፣ እሷ ደህና ናት፣ ችግሩ እኛ ነን አሉት።

ካይል ለሦስታችን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጠን ነገረን፤ ሰጠንም። እታገኝን ግን፣ "ይቅርታ፤ አርብ ያልኩትን እርሺው" አላት። ለጋሽ ደምሴ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሰጣቸው። ዐሥራ ሁለቱን ተክሎች ካዳኑ አዳኑ፤ ካላዳኑ ይጣላሉ።

ሁለቱን ሳምንታት አብሬያቸው ሠራሁ። መጀመሪያ ያደረጉት፣ ድንገት ቢሞቱ ዝርያው እንዳይጠፋ ከየተክሉ ጤነኛ ቅርንጫፍ ቆርጠው ማስቀመጥ ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ አውጥተው አፈሩን በዚያች በጎበጠች ሹካ አፍታቱት። የበሰበሰውን ሥር በአልኮል በተጠረገ መቀስ ቆረጡ፤ ለእያንዳንዱ ተክል መቀሱን እንደገና ይጠርጋሉ። የተረፈውን ሥር አየር በሚያሳልፍ አዲስ አፈር፣ ከበፊቱ ባነሰ ባልዲ ተከሉት። ለምን ባነሰ? ትንሽ ሥር ትልቅ ባልዲ ውስጥ ያለውን ውሃ ጠጥቶ ስለማይጨርስ እንደገና ይሰጥማል። ከላይም ቅጠል ቀነሱለት፤ መብራቱንም አደበዘዙለት። የቀረው ጥቂት ሥር ብዙ ቅጠል እንዲቀልብ አይጠየቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ምንም አለመሥራት ነበር። ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ተክሎቹ ጠውልገው ቆመዋል፤ እጄ ወደ ጎማው ይሄዳል። ጋሽ ደምሴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ "ተይው" ይሉኛል። "እየሠራ ነው። ባታዪውም እየሠራ ነው።"

አንድ ሌላ ነገርም አደረጉ፤ እስካሁን ሳስበው ይደንቀኛል። በዚያ መጋዘን ሁሉም ሰው ተክሎቹን "እናቶቹ" ነው የሚላቸው። እናቶቹ ታመሙ፣ እናቶቹ እየሞቱ ነው፣ ይህቺን እናት እንጣላት ይባላል። ጋሽ ደምሴ ብርሃኑንና እኔን ለብቻችን ጠርተው፣ "ከዛሬ ጀምሮ 'ትልልቆቹ' በሏቸው" አሉን። ምክንያቱን አልነገሩንም፤ መንገርም አላስፈለጋቸውም። እታገኝ ባለችበት ቃሉን ዳግመኛ አልተጠቀምንበትም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን እታገኝን ጠሯት። "ነይ እስቲ፤ አንቺ ነሽ መጀመሪያ ማየት ያለብሽ።" አንዱን ባልዲ በቀስታ ገለበጡት። በጥቁሩ አፈር ዙሪያ እንደ ሽበት የነጡ ቀጫጭን አዳዲስ ሥሮች ወጥተዋል። እታገኝ ጎንበስ ብላ አሸተተች። "ዝናብ ዝናብ ይላል" አለች። ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዐሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ዳኑ።

እኔ ፈቃዴ መጥቶልኝ ወደ ማስተማር ሄድኩ። እሳቸው እስኪታመሙ ድረስ እዚያው ሠሩ።

ባለፈው ወር ለቅሷቸው ላይ ተገናኘን። የጋሽ ደምሴ ልጅ አፓርታማ አውሮራ ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመሄዴ በፊት እታገኝ ደወለችልኝ። "ውሃና ሶፍት እኔ ይዣለሁ፣ ብርሃኑ ወንበር ያመጣል፣ አንቺ የልጃቸውን ልጆች ከትምህርት ቤት ውሰጂላት። ግን መጀመሪያ ጠይቂያት።" ጠየቅኋት። አክስታቸው ቀድማ ይዛቸው ነበር። ጓዳ ስገባ እታገኝ ሳህን አጥባ ጨርሳለች። እጇን እየጠረገች ወደ ሐዘንተኛዋ ልጃቸው ሄደችና ጆሮዋ ሥር፣ "ሳህኖቹን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው። መድኃኒትሽን አንሥቼ ቦርሳሽ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ቤትሽ ውስጥ የነካሁት ይህንን ብቻ ነው" አለቻት። ልጅቱ ከገባሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ሰው አየች።

እናንተም እስቲ ሞክሩት። በሚቀጥለው ጊዜ ሐዘንተኛ ቤት ስትሄዱ፣ ወይም ያዘነ ሰው አጠገባችሁ ሲሠራ፣ ከመርዳታችሁ በፊት ሌሎቹ ምን እንዳደረጉ ጠይቁ። ከረዳችሁ በኋላም ለራሱ ንገሩት። ምን እንዳነሣችሁ፣ የት እንዳስቀመጣችሁት፣ በአጭሩ፣ በጆሮው። ከዚያ ፊቱን ተመልከቱ።